ሁለቴ የተሰናበተችው ኪሚኮ ዳቴ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለች አንዲት ሴት ላወራችሁ ነው። ኪሚኮ ዳቴ ትባላለች። ጃፓናዊት የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ነበረች። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እንዳትደናገሩ።

ኢንተርኔት ላይ በየጊዜው የምትዞር አንዲት አጭር ቪዲዮ አለች። ምናልባት አይታችኋት ይሆናል። 1996፣ ለንደን ውስጥ የሚካሄደው ትልቁ የቴኒስ ውድድር ዊምብልደን፣ ግማሽ ፍጻሜ። አንድ ተመልካች ጀርመናዊቷን የቴኒስ ኮከብ ሽቴፊ ግራፍን «ታገቢኛለሽ?» ብሎ ይጮኽባታል። እሷም «ስንት ገንዘብ አለህ?» ብላ ትመልስለታለች። ሜዳው በሳቅ ይሞላል። ከመረቡ ማዶ የቆመችው ማን እንደሆነች ግን የሚጠይቅ የለም። ዳቴ ናት። በሴቶች ቴኒስ ሁለት ክፍል የወሰደች ናት የምታሸንፈው። ዳቴ የመጀመሪያውን ክፍል 6 ለ 2 ተሸነፈች፤ ሁለተኛውን በዚያው ውጤት መልሳ አሸነፈች። ከዚያ መሸ። ጨዋታው ለማግስቱ ተላለፈና ግራፍ ሦስተኛውን 6 ለ 3 ወሰደች። ባይመሽ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ዳቴ ያኔ ግራፍን ማሸነፍ ትችል ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቶኪዮ ውስጥ፣ በሴቶች የአገሮች ውድድር፣ በፌድ ካፕ አሸንፋታለች። የመጨረሻው ክፍል ያለቀው 12 ለ 10 ነው። ያውም ግራፍ የዓለም አንደኛ በነበረችበት ጊዜ!

ዳቴ የተወለደችው ኪዮቶ ውስጥ በ1970 ነው። ተፈጥሮዋ ግራኝ ነው፤ ያደገችው ግን በቀኝ እጇ እንድትጠቀም ተደርጋ ነው። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ በየቤታችን ያለ ነገር ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ63 ገደማ ነው። ጉልበተኛም አልነበረችም። ታዲያ በምን አሸነፈች? ኳሷ መሬት ነክታ ገና ወደ ላይ ስትነሳ ነበር የምትመታት። ሌላው ተጫዋች ወደ ኋላ ሸሽቶ ኳሷ እስክትበርድ ሲጠብቅ፣ እሷ ወደፊት ገብታ የተጋጣሚዋን ጉልበት መልሳ ትልከዋለች። ተጋጣሚዋ ለመዘጋጀት ጊዜ አታገኝም። ለዚህ ዓይንና እግር ያስፈልጋል። ክንድ ብቻ አይበቃም።

በዚህ አጨዋወት በ1995 የዓለም አራተኛ ሆነች። ግራንድ ስላም ከሚባሉት አራት ታላላቅ ውድድሮች በሦስቱ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፤ አውስትራሊያ፣ ፓሪስ፣ ዊምብልደን። ከዚያ በ1996 መጨረሻ፣ ገና በ26 ዓመቷ፣ ራኬቷን ሰቀለች። ጉዞው፣ ጫናው፣ የጋዜጠኛው ግርግር አድክሟት ነበር።

ሁላችንም የምናደንቀው እንዲህ ዓይነቱን ስንብት ነው። «በክብሯ ለቀቀች» እንላለን። አንድ ሰው ሥራውን በደህና ቀን ሲተው ብልህ ይባላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን የዳቴ ሁለተኛ ሕይወት ነው ይበልጥ የሚነካኝ።

በመሃል ጀርመናዊ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ አገባች። በ2004 የለንደን ማራቶንን ከሦስት ሰዓት ተኩል በታች ሮጠች። በ2008 ከግራፍና ከሌላዋ የቀድሞ የዓለም አንደኛ ከማርቲና ናቭራቲሎቫ ጋር ቶኪዮ ውስጥ የወዳጅነት ጨዋታ ተጫወተች። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። በ37 ዓመቷ!

የተመለሰችበት መንገድ ነው ልብ የሚነካው። ጊፉ በምትባል የጃፓን ከተማ፣ በትንሽ ውድድር፣ ከማጣሪያው ጀመረች። የዓለም አራተኛ የነበረች ሴት ማጣሪያ ትጫወታለች! ያውም ፍጻሜ ደረሰች። በጥንድ ጨዋታ ደግሞ ኩሩሚ ናራ ከምትባል የ16 ዓመት ልጅ ጋር ሆና ዋንጫውን ወሰደች። ልጅቷ የተወለደችው ዳቴ ፕሮፌሽናል ከሆነች በኋላ ነው።

እኛ ሰፈር ቢሆን ምን እንደሚባል አውቃለሁ። «በዚህ ዕድሜዋ? ምን ጎደላት?» አርባ አልፋ ትምህርት የጀመረች ጓደኛ አለችኝ። ፈተናው አላስቸገራትም፤ ያስቸገራት ይሄ ጥያቄ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የሆነ ነገር ካልጎደለን መሞከር የለብንም ያለው ማነው?

ወደ ዳቴ ልመለስ። በ2009 ሴኡል ላይ ዋንጫ አነሳች። 39 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት ነው። በዓመቱ ደግሞ 40 ልትደፍን አንድ ቀን ሲቀራት ቶኪዮ ላይ የቀድሞዋን የዓለም አንደኛ ማሪያ ሻራፖቫን አሸነፈች። በ2013፣ በ42 ዓመቷ፣ አውስትራሊያ ላይ ናዲያ ፔትሮቫን 6 ለ 2 እና 6 ለ 0 ሸኘቻት።

በእርግጥ ሽንፈቱም ብዙ ነበር። ወደ ቀድሞው ደረጃዋ አልተመለሰችም። እኔ ግን እሱን ፈልጋ የመጣች አይመስለኝም። ለወጣት ጃፓናውያን ተጫዋቾች መነቃቂያ መሆን እፈልጋለሁ ብላ ነበር የመጣችው። ከዓመት ዓመት ስትቆይ ሳይ ግን፣ ጨዋታው ራሱ ነው የያዛት እላለሁ። ያኔ ያንገሸገሻት ነገር አሁን ደስታዋ ሆኗል።

ከዚያ የእግሯ ጉልበት ከዳት። በ2016 ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ታግላ እንደገና ሜዳ ገባች። በመስከረም 2017 ቶኪዮ ላይ የመጨረሻ ጨዋታዋን ተጫወተች። 47 ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቷት ነበር። አሌክሳንድራ ክሩኒች 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 አሸነፈቻት። አንድም ጌም አላገኘችም።

አንዳንዱ ሰው «ምነው ቀደም ብላ በተወችው» ይላል። እኔ አልስማማም። በ26 ዓመቷ የለቀቀችው አቅም እያላት፣ ደክሟት ነው። በ46 ዓመቷ ግን ልቧ እየፈለገ ጉልበቷ እምቢ ስላላት ነው የሄደችው። ሁለተኛው ስንብት ይበልጣል። ለእኔ ክብር እሱ ነው፤ ውጤቱ ዜሮም ቢሆን።

አሁን ጃፓናውያን ታዳጊዎችን ታሠለጥናለች። እናንተ ግን ጊዜ ካላችሁ የ2011ዱን ዊምብልደን፣ ከቬነስ ዊሊያምስ ጋር የተጫወተችውን ፈልጋችሁ እዩ። ዝናብ ስለነበር የዋናው ሜዳ ጣሪያ ተዘግቷል። ዳቴ 40 ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍል ወስዳለች። ሦስተኛውን ቬነስ ያሸነፈችው 8 ለ 6 ነው። ስታዩ እግሯን ተከታተሉ፤ ወደ ኋላ አትሸሽም። አይታችሁ የተሰማችሁን ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ። ደህና ሁኑ።