አልሸጠችም

እሺ። እየቀዳ ነው መሰለኝ። ተባባሪ አዘጋጃችንም አለ፣ ሰምታችሁታል፣ የጎረቤት አውራ ዶሮ። “ለበዓል አያልፍም” ብላችሁ የተወራረዳችሁ ሁሉ ተበልታችኋል። እሱ ግን አልተበላም።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራዩ ነበር የማወራው፣ ቃል ገብቻለሁ፣ አውቃለሁ። ይቆየን። አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ይመጣብኛል። ሽንኩርት ስከትፍ ይመጣብኛል።

እማዬን የሥዕል ኤግዚቢሽን ወሰድኳት። አዎ፣ እማዬን። የማዘር ፋን ክለብ ተረጋጉ፣ ፎቶ የለም።

የጋሽ ታደሰ መስፍን ሥዕሎች ናቸው። “የሕይወት ምሰሶዎች” የሚባሉት። ጉልት የሚሸጡ ሴቶች። አይታችሁ ከሆነ ታውቋቸዋላችሁ። ሰውነታቸው ይረዝማል፣ ከሚገባው በላይ ይረዝማል። ልብሳቸው ከብዶ ወደ ታች ይወርዳል። ከኋላቸው ከተማ የለም፣ ግርግር የለም። እነሱ ብቻ ቆመዋል። እኔ ፊታቸው ስቆም ሁሌም አንገቴ ቀና ይላል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ለምን ወሰድኳት? እናንተማ ታውቃላችሁ ምን ትሸጥ እንደነበር። ያኔ አትክልት ተራ ፒያሳ ነበር፣ በኮሮና ሰሞን ጃንሜዳ፣ ከዚያ ኃይሌ ጋርመንት ሳይሄድ በፊት። ሌሊት ተነስታ ሄዳ፣ ቲማቲሙን ተሸክማ መጥታ፣ ጠዋት እኛን አብልታ፣ መደብ መደብ አድርጋ ትቀመጣለች። ደስ ይላታል ብዬ ነው። ራሷን ታያለች ብዬ።

ገባን። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቤተ ክርስቲያን የገባች ይመስል። ቀስ እያለች ዞረች። አንዷን አለፈች። ሁለተኛዋን አለፈች። እንግዲህ እዚህ ጋ ነው።

አንድ ሥዕል ፊት ቆመች። ሴትየዋ ቆማለች፣ እጆቿ ዝም ብለው ወደ ታች ወርደዋል። እማዬ ጠጋ አለች። በጣም ጠጋ አለች፣ ጥበቃው ተቁነጠነጠ። አጠገባችን አንድ ሰውዬ ነበር፣ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ እየቀረጸ። “ኩራቷን እዩልኝ!” አለ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። እማዬ እሱን አየችው። ሥዕሏን አየች። ከዚያ ለእኔ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

“አልሸጠችም” አለችኝ።

“ምን?”

“ዛሬ አልሸጠችም። እጇን እይው። የሸጠች ሴት እጇ ወገቧ ጋ ነው።”

ገባችሁ? ብሩ መቀነት ውስጥ ነው የሚቋጠረው። የሸጠች ሴት ሳታውቀው በየደቂቃው ትነካዋለች። አለ? አለ። ቋጠሮዋን እየዳሰሰች ነው የምታወራችሁ። ያልሸጠች ግን እጇ ሥራ የለውም። እማዬ ይኼን ስትናገር የአየር ሁኔታ የምትነግረኝ ነው የሚመስለው። ምንም ሐዘን የለባትም። ከዚያ ዞር ብላ ወደሚቀጥለው ሄደች።

እኔ እዚያው ቀረሁ።

ምክንያቱም እኔም ኩራት ነበር የማየው! ያ ሰውዬ ድምፁን ከፍ ማድረጉ እንጂ ያለው ነገር እኔም ልለው የነበረ ነው። ቁመቷ፣ ቀጥ ማለቷ። እና አሁን ሥዕሏን ሳስታውስ ሁለቱም አሉ። ኩራቱም አለ፣ ያልተሸጠው ቲማቲምም አለ። ማታ ሊለሰልስ ነው፣ ነገ በግማሽ ዋጋ ነው። ይኼ ሁሉ እጅ ውስጥ ነው። ፊቷ ላይ እኮ ምንም የለም።

እዚህ ጋ ትንሽ ልውጣ። ቤተ ክርስቲያን ያሉትን ሥዕሎች አስቡ። ደጋግ ሰዎች በሁለት ዓይን ይሳላሉ፣ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ፊት ላይ ብዙ አይታይም፣ ደጋጎቹ ሁሉ ትልልቅ ዓይን አላቸው፣ ሁሉም ያዩናል። ስቅለቱ ላይ ግን እመቤታችንንና ዮሐንስን እዩዋቸው። እጃቸው ጉንጫቸው ላይ ነው። ሐዘኑ ያለው እጃቸው ላይ ነው። ለካ “እጅሽን ከጉንጭሽ ላይ አንሺ፣ ምን አሟረተብሽ” እያለች ያሳደገችን ሴትዮ... ሥዕል ማንበብ የምታውቀው ከእኛ በፊት ነው። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነባለሁ፣ እሷ እጅ ታነባለች።

ጋሽ ታደሰ ይኼን አስበውት ይሆን? እሳቸው ወልድያ ነው የተወለዱት፣ በፈረንጆቹ 1953። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብረ ክርስቶስ ደስታ አስተምሯቸዋል፣ ረቂቅ ሥዕልን እዚህ አገር ካስተዋወቁት አንዱ ማለት ነው። ከዚያ ሶቪየት ኅብረት ተምረው መጥተው፣ እዚያው ትምህርት ቤት፣ አለ ፈለገ ሰላም በእኛ አቆጣጠር በ1950 በመሠረቱት፣ ለዓመታት አስተማሩ። ይኼን ሁሉ አልፈው ሰው ላይ ነው የቀሩት። ጉልት ላይ ያለች ሴት ላይ። ይኼ የሆነ ነገር ይነግረኛል። ምን እንደሚነግረኝ ግን... እንጃ። ይለፈኝ።

ኧረ ዋናውን ረሳሁት! ከአንዱ ሥዕል ጎን ቀይ ነጥብ ተለጥፏል። “ምንድን ነው?” አለችኝ። “ተሸጧል ማለት ነው” አልኳት። “እሷ ሳትሸጥ እሷን ሸጧት?” ብላ ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች! ጥበቃው ራሱ ሳቀ። ዋጋውን ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም። መደብ በአምስት ብር የሸጠች ሴት ጋ ያን ቁጥር እንዴት ነው የምጠራው።

እና በማግስቱ ምን አደረግሁ መሰላችሁ። ሰፈር ያለው ጉልት ሄድኩና እጅ ማየት ጀመርኩ። እንደ ሰላይ። አንዷ ሽንኩርት ትልጣለች። አንዷ ልጅ ታጠባለች። አንዷ፣ ወጣት ነች፣ ስልኳን ይዛለች። “በቴሌብር ይሆናል?” ብላት “ይሆናል” አለችኝ። ስልኳ ጥዝ አለ፣ አየት አድርጋ አስቀመጠችው። አለቀ። ወገቧን አልነካችም። መቀነትም አልታጠቀችም፣ ጂንስ ነው የለበሰችው። እና የእማዬ ንድፈ ሐሳብ እዚህ ጋ ተበላሸ። ወይም አልተበላሸም፣ እጁ ወደ ስልክ ሄደ። የዛሬ ሃያ ዓመት አንድ ሰው ይቺን ልጅ ቢስላት ማን ነው መሸጧን ከእጇ የሚያውቀው? ቆይ፣ ይኼ ያሳዝናል እንዴ? እኔ እንጃ፣ ሳወራው ነው ያሳዘነኝ። ልጅቷ እኮ ምንም አልሆነችም፣ ቲማቲሙን ጨምራ ነው የሰጠችኝ።

የሚከነክነኝ ግን እሱ አይደለም። እማዬ እቤት ስትመጣ፣ ያኔ፣ ትንሽ ሆነን... እጇን አይቼው አላውቅም። ማለቴ አየዋለሁ፣ ዳቦ ይዞ ስለሚመጣ። የሸጠችበትንና ያልሸጠችበትን ቀን ግን አንድም ቀን ለይቼ አላውቅም። ዳቦው ሁሌ ይመጣ ነበር። ባልሸጠች ቀን በምን ነበር የሚመጣው?

ታክሲ ውስጥ ልጠይቃት ነበር። “ያኔ፣ ሳትሸጪ ስትቀሪ...” ብዬ ጀመርኩ። “ሽንኩርት ስንት ገባ አሁን?” አለችኝ። ነገርኳት። “ጉድ ነው!” አለች፣ ከዚያ ስለ ሽንኩርት ሳሪስ እስክንደርስ። ሾፌሩም ገባበት፣ እሱ ደግሞ ስለ ዘይት።

ማይክ ፊት ትቀመጥ እንደሆነ ጠይቄያታለሁ፣ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ። “ምን ብዬ?” አለችኝ። እውነቷን ነው። ምን ብላ? ወይም እኔ ያልገባኝ... አይ፣ ያ ዳቦ ምናልባት እኮ በብድር ነው። ከአጠገቧ ከምትሸጠው ጋ ይበዳደሩ ይሆናል። ወይም ዕቁብ። ወይም ደግሞ እሷ ራሷ ሳትበላ... እሱን አላውቅም። እሱን እንኳን ባልጠይቅ ነው የሚሻለኝ መሰለኝ። ወይስ ልጠይቅ? እስኪ እናንተ—

ይኸው፣ ዶሮው ጀመረ። ስለ ኪራዩ በሚቀጥለው።