ክዋይ፦ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነው የማወራው። ከተመለስኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ቦታ ላጫውታችሁ።

ቦትስዋና ውስጥ ነው። ኦካቫንጎ ዴልታ፣ ማለትም የኦካቫንጎ ወንዝ ተበትኖ ረግረግ የሚሆንበት ቦታ፣ ሰሜን ምስራቅ ጫፉ ላይ፣ ክዋይ የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። ወንዙ ላይ የግንድ ድልድይ ተጋድሟል። ያልተጠረበ እንጨት ነው፤ ጎን ለጎን ተደርድሮ ታስሯል። መኪና ሲያልፍበት እያንዳንዱ ግንድ በየተራው ይነሳና ይወድቃል። ጓ ጓ ጓ ይላል። መጀመሪያ ሳልፍ የመኪናውን እጀታ ጨብጬ ነበር። ከድልድዩ ወዲህ የክዋይ መንደር ነው። ወዲያ ማዶ የሞሬሚ የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል በር።

ከመንደሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በዚያው ወንዝ ዳር፣ ክዋይ ሪቨር ሎጅ አለ። በአገሪቱ ካሉት ቀደምት የሳፋሪ ሎጆች አንዱ ነው። እኔ አላደርኩበትም። እዚያ አካባቢ ያሉ ሎጆች የአንድ ሌሊት ዋጋቸው እኛ አገር የብዙ ሰው የወራት ደመወዝ ነው። ይህም እንዲሁ የመጣ አይደለም። ቦትስዋና ከ1990 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የያዘችው መንገድ ነው፦ ጥቂት እንግዳ፣ ውድ ዋጋ፣ ብዙ ያልተረገጠ መሬት።

ሎጁን ያቋቋመው ሃሪ ሴልቢ ነው። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ኬንያ ያደገ፣ በአደን አስጎብኚነቱ ስሙ የናኘ ሰው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደዚህ መጣ። ያኔ ሳፋሪ ማለት ጠመንጃ ማለት ነው። እሱም ራሱ ከአደኑ አልወጣም፤ ክዋይን ግን ካሜራ ይዞ ለሚመጣ ሰው አዘጋጀው። ይህ ከሆነ ከ50 ዓመት በላይ አልፎታል። ሴልቢ በ2018 እዚያው አገር፣ ማውን ከተማ ውስጥ አረፈ።

እንግዲህ የሎጁ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው የያዘኝ።

በ1963፣ ቦትስዋና ገና በእንግሊዝ እጅ እያለች፣ የባታዋና ህዝብ ከገዛ መሬቱ ላይ ቆርሶ «ይህ ለእንስሳቱ ይሁን» አለ። አደኑ በዝቶ አውሬው እያለቀ ነበር። ውሳኔውን የመራችው ሴት ናት። ኤልዛቤት ፑላኔ ሞሬሚ ትባላለች። ባሏ ሞሬሚ ሳልሳዊ ሲሞት ልጃቸው ገና ትንሽ ስለነበር፣ በእንደራሴነት ህዝቡን ታስተዳድር ነበር። ክልሉም በባሏ ስም ሞሬሚ ተባለ። የአካባቢው ህዝብ ራሱ ያቋቋመው በአፍሪካ የመጀመሪያው ጥብቅ ክልል ነው ይባላል። እቴጌ ጣይቱን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለችን ሴት ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ነገር ግን በዚያው መሬት ላይ ሌሎች ሰዎች ይኖሩ ነበር። ቡጋክዌ ይባላሉ፤ ከሳን፣ ማለትም ከደቡባዊ አፍሪካ ነባር ህዝቦች፣ ወንዝ ዳር የሚኖሩት ናቸው። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ያድናሉ፣ ስራስር ይለቅማሉ። ክልሉ ሲከለል ውጡ ተባሉ። ወንዙን ተሻግረው ሰፈሩ። የዛሬዋ የክዋይ መንደር የነሱ ናት። ድልድዩን እንደገና አስቡት። ወዲህ ማዶ ቆመው የሚያዩት መሬት የአያቶቻቸው ነው።

ማውን ውስጥ አንድ የጉብኝት ወረቀት እጄ ገብቶ ነበር። «የሰው እግር ያልረገጠው ምድር» ይላል ዴልታውን። እውነቴን ነው፣ አመመኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እስካሁን አለ።

ምክንያቱም ይህን ነገር ከቤቴ አውቀዋለሁ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ሲቋቋም የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸውን አጥተዋል። ሳላ አይተን፣ ፏፏቴውን ፎቶ አንስተን ስንመለስ ስንቶቻችን ጠይቀናል? እኔ አልጠየቅኩም። ለዓመታት አልጠየቅኩም።

ወንዞቹም ይመሳሰላሉ። አዋሽ ባህር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ኦካቫንጎም እንዲሁ ባህር አያውቅም። ከአንጎላ ደጋ ተነስቶ፣ ናሚቢያን አቋርጦ፣ ካላሃሪ በረሃ አሸዋ ላይ ተበትኖ ይቀራል። አብዛኛው ውሃ ወደ ሰማይ ይተናል።

መንደሩ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የራሱን ማኅበር አቋቁሞ ከቱሪዝሙ ድርሻውን ይዟል። እኔንም በሞኮሮ የወሰዱኝ የመንደሩ ሰው ናቸው። ሞኮሮ ማለት እንደ ጣና ታንኳ ጠባብ ናት፤ ድሮ ከአንድ ግንድ ትፈለፈል ነበር። አሁን ትልልቅ ዛፎች እንዳይቆረጡ ብዙዎቹ የሚሠሩት ከፋይበር ግላስ ነው። ሽማግሌው ከኋላዬ ቆመው በረጅም ዘንግ ይገፋሉ። በአገሩ ቋንቋ በሴትስዋና «ራ» እላቸዋለሁ፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ደንገሉ በሁለት በኩል ከራሴ በላይ ቆሟል። አዎ፣ ያው የጣናው ደንገል።

ድንገት ዘንጉን አቆሙ። ከሸምበቆው ላይ አንዲት እንቁራሪት በሁለት ጣት አንስተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። የአውራ ጣቴን ጥፍር አታክልም። ነጭና ቡናማ መስመር አላት። ሆዷ ሲመታ ቆዳዬ ላይ ይሰማኛል። ስሟን በቋንቋቸው ነገሩኝ፤ ምላስን የሚያጮኽ ድምፅ አለው፣ ደጋግሜ ሞክሬ አልቻልኩም። ከዚያ ደሴት እያሳዩ ብዙዎቹ የተጀመሩት ከምስጥ ኩይሳ ነው አሉኝ። ምስጡ ይቆልላል፣ ወፍ መጥታ ፍሬ ትጥላለች፣ ዛፍ ይበቅላል። የውሃውን መንገድ ደግሞ ጉማሬ እየተመላለሰ ይከፍተዋል። የሰው እግር አልረገጠውም የተባለውን አገር እንዲህ በየስሙ ያውቁታል።

በ2014 ዴልታው 1,000ኛው የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ደስ ይላል፤ ይገባዋልም። ሎጁም ባይኖር ምናልባት ዝሆኑ ዛሬ አይኖርም ነበር፣ ይህን አልክድም። ፑላኔ ትክክል ነበረች ብዬ አምናለሁ። የቡጋክዌም በደል በደል ነው። ሁለቱንም ይዤ ነው የተመለስኩት፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ አልሆነልኝም።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቀን ማውን አጠገብ አንድ የደረቀ ጅረት ዳር ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ወሩ ሰኔ አካባቢ ነው፣ ዝናብ ካባራ ቆይቷል። አንጎላ ላይ በክረምታቸው የዘነበው ውሃ ነው፤ ወራት ተጉዞ አሁን ደረሰ። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ አይቸኩልም፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ቁልቁል የሚወርደው 60 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግንባሩ አረፋና ደረቅ ቅጠል እየገፋ ይመጣል። ጉንዳኖች ከፊቱ ይሸሻሉ፣ ሳቢሳዎች እየተከተሉ ይለቅማሉ። አንድ ልጅ ውሃው ጫፍ ላይ ጭራሮ ተከለና እናቱ ጋ ሮጠ። እጇን ይዞ ሲመለስ ጭራሮው ውሃ ውስጥ ነበር። ነቅሎ ወደፊት ወስዶ እንደገና ተከለው።