ተስቦ ስንል የትኛውን ነው?

(በአዳማ ለክሊኒክ፣ ለላቦራቶሪና ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ እንደምን አደራችሁ።

በከተማችን ትኩሳት ሦስት ቀን የቆየበት ሰው ሁለት ነገር ይጠረጥራል። አንደኛው ወባ ነው። ሁለተኛው «ታይፎይድ ታይፈስ» ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠራ ስምና የአባት ስም መስሏል። ትልልቆቹ ደግሞ ሁሉንም ጠቅልለው ተስቦ ይሉታል። ሕዝቡ አይወቀስም። የሚያስወቅሰው ያንኑ ቃል ሳንለይ ካርድ ላይ የምንጽፈው እኛ ነን።

ተስቦ በሚለው ስም ሥር ሦስት በሽታ አለ። የአንጀት ተስቦ፣ ማለትም ታይፎይድ፣ በተበከለ ውሃና ምግብ ይገባል፤ መንስኤው ሳልሞኔላ ታይፊ ነው። ታይፈስ የሚመጣው ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ከተባለ ተህዋስ ሲሆን፣ የልብስ ቅማል ዓይነምድር በሚታከክ ቆዳ በኩል ሲገባ ይይዛል። ትኩሳት ግርሻን የሚያመጣው ቦሬሊያ ሪከረንቲስም የሚተላለፈው በዚያው ቅማል ነው፤ ቅማሉ በጥፍር ሲደፈጠጥ ተህዋሱ ይወጣል። መከላከያቸውም መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ሴፍትሪአክሶን ለታይፎይድ ይሠራል፤ ሪኬትሲያን ግን አይነካም። ለታይፈስ የሚያስፈልገው ዶክሲሳይክሊን ነው።

ስህተቱ በብዛት የሚጀምረው ለታይፎይድ ከሚሠራው የደም ምርመራ፣ ከዊዳል ነው። ዊዳል የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን መከላከያ (አንቲቦዲ) ነው። ድሮ ታይፎይድ የያዘው፣ የተከተበ ወይም ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላ ያገኘው ሰው ዛሬ በወባ ቢተኩስም ዊዳሉ «ፖዘቲቭ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ቆይቶ በሚወሰድ ሁለተኛ ናሙና ላይ የአንቲቦዲው መጠን አራት እጥፍ ማደግ አለበት። የስላይዱ አሠራርም ያሳስታል። ሪኤጀንቱ፣ ማለትም የመመርመሪያው ፈሳሽ፣ ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ሳይዝ ከተሠራበት ውጤቱ ይዛባል። ስላይዱ ከተወሰነለት ደቂቃ በላይ ተቀምጦ ከደረቀም የደረቀው ነገር የረጋ፣ ማለትም «ፖዘቲቭ»፣ ይመስላል፤ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የማየት ምርመራ፣ የሚሠራበት ቦታ ካለ፣ ለአዋቂ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይወሰድ፤ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት።

ስለ ግርሻ አንድ ነገር ልጨምር። ቦሬሊያ የሚታየው በሽተኛው እያተኮሰው በተወሰደ፣ ጊምሳ በተባለ ማቅለሚያ በተቀለመ የደም ስላይድ ላይ ነው፤ ለወባ በምንሠራው በዚያው ስላይድ። ፈጣኑ የወባ ኪት ግን ቦሬሊያን አያሳይም። «ወባ ኔጌቲቭ» ብለን ማይክሮስኮፑን ሳንነካ ወደ ዊዳል ከሄድን፣ ግርሻው በታይፎይድ ስም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትኩሳቱ በራሱ ሲበርድም መድኃኒቱ የሠራ ይመስለናል፤ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ያገረሻል።

ታዲያ በሽተኛውን እንዴት እንጠይቅ? «ቅማል አለብህ?» አይባልም፤ ስድብ ነው፣ መልሱም ሁልጊዜ «የለብኝም» ነው። የት እንደሚያድር፣ ከስንት ሰው ጋር፣ ብርድ ልብስ ይጋሩ እንደሆነ፣ ልብሱን መቼ እንደቀየረ፣ ማታ ማታ ያሳክከው እንደሆነ ይጠየቅ። በጋራ ክፍል የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ላይ ይህ ጥያቄ ከዊዳል ይበልጣል። ከዚያ የቀሚሱን ወይም የሱሪውን ወገብና የአንገትጌውን ስፌት ገልጣችሁ እዩ፤ የልብስ ቅማል የሚኖረውም እንቁላሉን የሚጥለውም እዚያ ነው። የታይፈስ ሽፍታ በጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ ስለማይታይ እሱን አትጠብቁ።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ይህን ልብ በሉ። ግርሻ የተጠረጠረበትን ሰው አንቲባዮቲክ ሰጥታችሁ አታሰናብቱ። ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ይመጣል፤ የደም ግፊት ሊወርድና ሰው ሊሞት ይችላል። ሕክምናው ግፊቱን የሚለካና ግሉኮስ የሚሰቅል ባለሙያ ባለበት ይጀመር።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል የታይፈስን መተላለፊያ በ1909 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቱኒስ ላይ ያሳየው፣ በሆስፒታሉ በር ልብሳቸውን አውልቀው የታጠቡ በሽተኞች በሽታውን ለሌላ እንደማያስተላልፉ አስተውሎ ነው፤ በ1928 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። የእኛም ሥራ በካርዱ አያበቃም። የበሽተኛው ልብስና ብርድ ልብስ ይቀቀል ወይም ቢያንስ በ60 ዲግሪ ይታጠብ፤ ስፌቱ በጋለ ካውያ ይተኮስ። የማይታጠበው በላስቲክ ታስሮ ሁለት ሳምንት ይቆይ። አብረውት የሚያድሩት ሰዎች ልብስ በዚያው ቀን ካልተቀቀለ ግን ቅማሉ ወደ እሱ ይመለሳል፤ ስለዚህ መጥተው እንዲታዩ በስም እየጠራችሁ ላኩባቸው።

አመሰግናለሁ።