ስንቅ የተሸከሙት ወይዘሮ

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላትና እንግዶች፤

ስለ በጎ አድራጎት እንድናገር ስትጋብዙኝ ብዙ ገንዘብ ስለ ሰጠ ሰው እንደማወራ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ የመጣሁት ግን ለታሳሪ ስንቅ ስላቀበሉ፣ ኋላም ራሳቸው ታስረው ስንቅ ጠባቂ ስለ ሆኑ አንዲት ፖላንዳዊት ልነግራችሁ ነው። ስማቸው ካሮሊና ላንትስኮሮንስካ ይባላል። ወይዘሮ እላቸዋለሁ። ባል አግብተው አያውቁም፤ ዳሩ ግን ቃሉ የባለትዳር ሴት መጠሪያ ከመሆኑ በፊት የመኳንንት ልጅ ማዕረግ ነበርና በድሮው ትርጉሙ ውሰዱልኝ። ዓመታቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ወይዘሮ ካሮሊና የተወለዱት በ1898 በኦስትሪያ ነው። በዚያ ዘመን ፖላንድ የሚባል መንግሥት በካርታ ላይ አልነበረም፤ ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ከተከፋፈሉት መቶ ዓመት አልፎታል። አባታቸው ካውንት ካሮል ላንትስኮሮንስኪ ቪየና ውስጥ ቤተ መንግሥት የነበራቸው፣ የኢጣሊያ ሥዕል በመሰብሰብ የታወቁ ባለጸጋ ነበሩ። እናታቸው ከጀርመን መኳንንት ወገን ናቸው። ልጅቱ ቪየናዊት ሆነው ቢቀሩ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን የአባታቸውን አገር መረጡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ አስታመሙ፤ በ1926 ስለ ኢጣሊያዊው ሠዓሊ ማይክል አንጄሎ ሥዕል «የመጨረሻው ፍርድ» አጥንተው ዶክተር ሆኑ፤ ከዚያም ልቮቭ ገብተው በዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ታሪክ አስተማሩ። ልቮቭ ዛሬ ልቪቭ የምትባለው የዩክሬን ከተማ ናት፤ ያኔ የፖላንድ ነበረች።

በ1939 ጀርመን ከምዕራብ፣ ሶቪየት ኅብረት ከምሥራቅ ገቡ። ልቮቭ ለሶቪየቶች ደረሰች። ወይዘሮ ካሮሊና በ1940 መጀመሪያ በኅቡዕ ለተደራጀው የፖላንድ ጦር ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ጥቂት ወራት ቆይተውም ጀርመኖች ወደ ያዙት ወደ ክራኮቭ ተሻገሩ። እዚያ በቀይ መስቀል፣ ቀጥሎም ጀርመኖች በፈቀዱት የፖላንዳውያን የእርዳታ ምክር ቤት ውስጥ ሠሩ። ሥራቸው ምን ነበር? ስንቅ። ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዙ ወኅኒ ቤት ያለው ሰው የሚበላው እንዲያገኝ ማደራጀት። የእስር ቤት በር ላይ ቆሞ ሳህን ያቀበለ ሰው በመካከላችሁ ካለ ይህ ሥራ ምን እንደሚጠይቅ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ዘበኛውን ማግባባት አለ፤ ነገ ደግሞ ተመልሶ መምጣት አለ።

በሜይ 1942 ኮሎሚያ በምትባል ከተማ ተይዘው ወደ ስታኒስላቮቭ ተወሰዱ። የዚያው አካባቢ የጌስታፖ፣ ማለት የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ አዛዥ ሃንስ ክሩገር መረመራቸው። ይህ ሰው፣ እኚህ ሴት በሕይወት ወጥተው ለማንም አይናገሩም ብሎ ስለ ተማመነ፣ በጁላይ 1941 በልቮቭ ፕሮፌሰሮች ግድያ እጁ እንዳለበት እየፎከረ ነገራቸው። ጀርመኖች ልቮቭን ከሶቪየቶች እንደ ነጠቁ ከ20 በላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ሌሊት ታፍሰው ከከተማዋ ጉብታዎች በአንዱ ላይ የተረሸኑበት ግድያ ነው። ፎካሪው ሲፎክር አጠገቡ ያለችው እስረኛ የእነዚያ ሰዎች ባልደረባ እንደ ነበረች የገባው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ የምሸፍነው ነገር የለም፦ ወይዘሮ ካሮሊናን ከሞት ያተረፋቸው የዘር ሐረጋቸው ነው። የኢጣሊያ ንጉሣውያን ቤተሰብ የናዚ ፖሊስ የበላይ አለቃ ለነበረው ለሂምለር አማለደላቸው። አማላጅ ያልነበራቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እዚያው ስታኒስላቮቭ ቀርተዋል። እኔ እኚህን ሴት የማከብራቸው ግን ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው። በ1943 መጀመሪያ ከበርሊን በስተሰሜን ወዳለው ራቨንስብሩክ የሴቶች ማጎሪያ ተላኩ። እዚያም ስማቸው ተከተላቸው፤ ለብቻቸው ክፍልና የተሻለ ምግብ ተሰጣቸው። እንቢ አሉ። ከሌሎቹ ጋር ልሁን ብለው ለመኑ፤ ወደ ሰፈሩም ተመለሱ።

በራቨንስብሩክ የናዚ ሐኪሞች ከ70 በላይ የፖላንድ ሴቶችን እግር እየቀደዱ በቁስሉ ውስጥ ተሕዋስያን ጨምረው ሙከራ ሠርተውባቸዋል። ሴቶቹ ራሳቸውን «ጥንቸሎች» ብለው ይጠሩ ነበር። ወይዘሮ ካሮሊና ከሚንከባከቧቸው አንዷ ነበሩ። ሌላም ነገር አደረጉ፤ አስተማሩ። መጽሐፍ የለም፣ ሥዕል የለም፤ ከጭንቅላታቸው ብቻ እያወጡ ለእስረኞች የሥነ ጥበብ ታሪክ ይተርኩላቸው ነበር። አንዳንዱ ሰው «ተርቦ ለሞተ ሰው ማይክል አንጄሎ ምን ያደርግለታል?» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ግን እነዚያ ሴቶች ሰልፍ ቆመው በቁጥር ሲጠሩ ውለው፣ ማታ ተማሪ ሆነው መቀመጣቸውን ሳስብ ጥያቄዬን እተወዋለሁ። ስንቅ በሳህን ብቻ አይቀርብም።

በኤፕሪል 1945 የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ፕሬዚዳንት ካርል ቡርክሃርት ባደረጉት ጥረት ተፈቱ። አገራቸው በኮሚኒስቶች እጅ ገብታ ነበርና አልተመለሱም፤ ሮም ተቀመጡ። ጦርነቱ ትምህርታቸውን ያቋረጠባቸው የፖላንድ ወታደሮች በኢጣሊያ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲማሩ አደራጁ፤ በዚያው ዓመት የፖላንድ የታሪክ ተቋምን በሮም ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። በ1967 ደግሞ ጥናትን የሚደግፍ ድርጅት በቤተሰባቸው ስም አቋቋሙ። የጦርነት ትዝታቸውን ወዲያው ጽፈውት ነበር፤ በፖላንድ የታተመው ግን በ2001 ነው። ክሩገር ጀርመን ውስጥ ለፍርድ ሲቀርብ ሄደው መሰከሩበት። በ1968 በአይሁዶች ጭፍጨፋ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ የፕሮፌሰሮቹ ደም ግን በክሱ ውስጥ አልገባም። ይህ እስከ መጨረሻው ቢያንገበግባቸው አይፈረድባቸውም።

የአባታቸውን ሥዕሎች ናዚዎች ወርሰዋቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ኦስትሪያ ውስጥ ከጨው ማዕድን ዋሻ ከተገኙት መካከል የተረፉትን ወይዘሮ ካሮሊና ለሃምሳ ዓመት ያህል ጠበቁ። በ1994፣ ፖላንድ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ ለዋርሶ ንጉሣዊ ቤተ መንግሥትና ቫቬል ለሚባለው የክራኮቭ ቤተ መንግሥት ሰጧቸው። ከስጦታው ውስጥ የኔዘርላንዳዊው ሠዓሊ የሬምብራንት ሁለት ሥዕሎች አሉ። አንደኛው በተሣለ ፍሬም ውስጥ የቆመች ልጃገረድ ናት፤ እጆቿን በፍሬሙ ጠርዝ ላይ አሳርፋ ወደ እኛ ልትወጣ የተነሣች ትመስላለች። የተሰቀለችበትን የዋርሶ ቤተ መንግሥት ጀርመኖች በ1944 በፈንጂ አፍርሰውት ነበር፤ ፖላንዳውያን ከፍርስራሹ መልሰው ገነቡት። ሰጪዋ ስጦታውን ካስረከቡ ከስምንት ዓመት በኋላ በ104 ዓመታቸው ሮም ውስጥ ዐረፉ።

አመሰግናለሁ።