ተራ ሳይጠበቅ

(በሐዋሳ ለወጣት የእጅ ጥበብ ሠልጣኞች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሠልጣኞች፣ የዕለቱ ባለቤቶች ተመራቂዎች፣

መድረክ መሪያችን ሲያስተዋውቀኝ «የጠረጴዛ ጨዋታ ዲዛይነር» ብሎ አቆመ። ጨዋ ሰው ነው፤ ከመጀመራችን በፊት ጠጋ ብሎ «ያኛውንስ ልጥቀሰው ወይስ ይቅር?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ያኛው የተባለው ዳንስ ነው። ለዓመታት የምሽት ክበብ ዳንሰኛ ነበርኩ፤ እዚሁ ሐዋሳ፣ ምናልባት ሙዚቃው አንዳንዶቻችሁን እንቅልፍ ከሚነሳችሁ ቤቶች በአንዱ። «ይቅር» ያልኩት አፍሬ አይደለም፤ ራሴ ልናገረው ስለፈለግኩ ነው። ሌላ ሰው ሲናገረው ከኋላው ሁልጊዜ የምስጋና ቃል ይከተላል፤ ከጭቃ ወጥቼ ታጥቤ የመጣሁ ይመስል። ጨዋታ መሥራት ከዳንስ አላዳነኝም። ጨዋታ መሥራትን የተማርኩት ዳንስ ቤት ነው፤ ዛሬ የመጣሁትም ይህንኑ ልነግራችሁ ነው።

የዳንሰኛ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ሰውነት ማንቀሳቀስ ይመስላል። ሰውነትማ ይለምዳል። ትከሻ ለጎጃም፣ እግር ለጉራጌ፣ ወገብ ለወላይታ፤ ልምምድ ካለ ሁሉም በጊዜው ይመጣል። የሚያደክመው ዓይን ነው። ምሽቱ ሲጀምር የዳንሱ ቦታ ባዶ ነው። ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ብርጭቆውን እያየ ይቀመጣል። ቤቱ የሚከፍለኝ ያንን ባዶ ቦታ በሰው እንድሞላ ነበር። ስለዚህ እየደነስኩ አያለሁ። የማን ጉልበት ከጠረጴዛ በታች ከምቱ ጋር ይነቀነቃል? ማን ነው ጓደኛውን በክርኑ የሚጎሽመው? ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን ተሰብስበው የሚመጡ ልጆች ነበሩ፤ ከየዞኑ ስለሚመጡ የትኛው ዘፈን የትኛውን ጠረጴዛ እንደሚያስነሳ አስቀድሞ መገመት ግድ ይል ነበር።

አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ። መጀመሪያ እጁን ይዘሽ የምታስነሺው ሰው ጎበዝ ዳንሰኛ መሆን የለበትም። ጎበዙ ከተነሳ ቤቱ ያጨበጭብለታል፤ ያጨበጨበው ሁሉ ግን ተመልካች ሆኖ ይቀራል። መነሳት ያለበት በደንብ የማይችል፣ አለመቻሉም ቅንጣት የማያስጨንቀው ሰው ነው። ሆዱ ቀድሞት የሚጨፍር አንድ ደስተኛ ጎልማሳ ሲነሳ ሰባት ሰው ይከተለዋል፤ «እሱ ከቻለማ» ይላላ። ዛሬ ጨዋታ ስሠራ የመጀመሪያውን ዙር የምቀርጸው ለዚያ ጎልማሳ ነው። ያለ ዕውቀት የተደረገ የመጀመሪያ እርምጃ ሰውን ማሳፈር የለበትም። ሕጉን አንብቦ የመጣ ብልጥ በመጀመሪያው ዙር ሌላውን የሚያደቅበት ጨዋታ በሁለተኛው ዙር ብቻውን ነው የሚቀረው።

ስለ ክፍያው ብዙ አልናገርም። ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር ስታዩ የዳንሰኛዋ ይመስላችኋል፤ ግማሹ የቤቱ ነበር። ላብ የነካው ብር ሲቆጠር ደግሞ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል።

ከመድረኩ ጀርባ መስታወትና አንድ ያዘነበለ ሶፋ የያዘች ጠባብ ክፍል ነበረችን። የቢራ ሳጥን ገልብጠን ካርታ እንጫወት ነበር። ችግሩ መጠራት ነው። ጨዋታው ሲሞቅ በሩ ይከፈትና አንዷ ትጠራለች፤ ካርታዋን ሶፋው ላይ ትታ ትወጣለች፤ ስትመለስ «ማን ነካብኝ?» ብላ ጠብ ታነሳለች። ሌሎቹ ደግሞ እሷን ሲጠብቁ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ መጠራቱን ራሱን ሕግ አደረግነው። የተጠራች ካርታዋን ደፍታ ትሄዳለች፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው ከእሷ ካርታ ላይ አንዱን ሳያዩ በራሳቸው አንድ ካርታ መለወጥ ይችላሉ። ስትመለስ የሚጠብቃት ሌላ እጅ ነው፤ ከተወችው የባሰ ሊሆን ይችላል፤ የማይረባ ነገር ይዛ የወጣች ደግሞ ንጉሥ ይዛ ልትገኝ ትችላለች። ከዚያ ወዲህ ጠብ ቀረ። እንዲያውም መጥፎ ካርታ የደረሳት ልጅ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ «አሁንስ አይጠሩኝም?» ማለት ጀመረች። እኔ ለዳንስ ከመጣሁ ጀምሮ በደስታ ተጠርታ የወጣች ልጅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። በኋላ የገዛነውን ካርታ ትተን ከቢራ ካርቶን የራሳችንን ቆረጥን፤ የዙሩንም ርዝመት በአንድ ዘፈን ለካነው። ያ የመጀመሪያ ጨዋታዬ ነው። ሙያው ስም እንዳለው እንኳን አላውቅም ነበር።

ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ከመድረክ ወረድኩ፤ ስለ ጉልበት የሚነገር ብዙ ነገር የለም። ጨዋታዎችን በቁም ነገር መመርመር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። የትም ብሄድ የሚገጥመኝ ጥያቄ ያው የጓዳችን ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት፦ የሌላው ተራ ሲሆን እኔ ምን ላድርግ? አራት ሰው በሚጫወተው ጨዋታ ውስጥ ሰው ከሚያሳልፈው ጊዜ አብዛኛው የሌሎች ነው። በዚያ ሰዓት እጁ ሥራ ካላገኘ ስልኩን ያነሳል፤ ስልክ ያነሳ ሰው ደግሞ ግድግዳ ይዞ እንደተቀመጠው ነው፤ መልሶ ማስነሳቱ ይከብዳል።

የእኛ ሰዎች ይህን ጥያቄ ቀድመው መልሰውታል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ገበጣም፣ ስለ ሰንጠረዥም፣ ማለትም ስለ እኛው ቼዝ፣ ጽፈዋል። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። አስቡት፤ በሌላው ዓለም ሰው አገጩን ይዞ በዝምታ የሚከፍተውን ጨዋታ፣ እዚህ አራት እጅ በአንድ ሰሌዳ ላይ እየተራኮተ ይከፍተዋል! ዛሬ ልጆቻችን ቼዝን በስልክ ይማራሉ፤ ጥሩ ነው፤ ወረራን ግን የሚያሳያቸው የለም፤ ይህ ያናድደኛል።

ገበጣ ሌላ መልስ አለው። ባላጋራህ ጠጠሩን እየዘራ ሲዞር ወደ አንተ ቤት ይገባል፤ ስለዚህ በእሱ ተራ ዓይንህን ከእጁ ላይ መንቀል አትችልም። ጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ካታን በተባለው ጨዋታም ማንም ሰው ዳይስ ሲጥል ሌሎቹም ምርት ሊደርሳቸው ይችላል፤ ሰው በሌላው ተራም እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ካታንን መጀመሪያ ስጫወት ገበጣን ነው ያስታወሰኝ።

አሁን ወደ ሐይቃችን ልውሰዳችሁ፤ ከኋላ ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ የምታዩት ጨዋታ የሐዋሳ ሐይቅ ነው። መሐል ላይ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ውስጥ ቦሎቄ። ቦሎቄው የሐይቃችን ዓሣ፣ ቆሮሶ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አምስት ቆርኪ ይሰጠዋል። በየዙሩ ከዜሮ እስከ አምስት የፈለገውን ያህል ቆርኪ በጭብጡ ይደብቃል፤ ከዚያ ሁሉም እኩል እጁን ይከፍታል። በቆርኪው ልክ ዓሣ ያወጣል። የሁሉም ቆርኪ ድምር ሐይቁ ውስጥ ካለው ከበለጠ ግን መረቡ ተጠላልፏልና ማንም ምንም አያገኝም። ከተረፈው ላይ ለየሁለቱ ዓሣ አንድ ይወለዳል። በቃ። ሕጉ ይኸው ነው፤ ተራ የለውም፤ በትንሹም ቢሆን ወረራ ነው።

የሠራሁትን ይዤ ወደ ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል፣ ወረድኩ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ፣ እኛ ደግሞ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ሳህናችንን አስቀምጠን ተጫወትን። አጥማጆቹ ጥቂት ዙር ተጫወቱና አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ቆርኪያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይህ የሐይቅ ጨዋታ አይደለም» አሉኝ። «ሌሊት ስትጥል ማንም አያይህም፤ ልክ ነሽ። ጠዋት ስትመለስ ግን ጀልባህን ገበያው በሙሉ ያየዋል። እዚህ ሁሉም የያዘውን ኪሱ ይከታል፤ እንዲህ ያለ ሐይቅ የት አለ?» በእውነትም ተጫዋቾቹ ያገኙትን ቦሎቄ በእጃቸው ሸፍነው ይዘው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የተያዘ ዓሣ ሁሉ በባለቤቱ ፊት ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ከሁሉም በላይ የያዘ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዙር እጁን ከሁሉ በፊት ይከፍታል። ሌሎቹ አይተውት ጭብጣቸውን ያስተካክላሉ። በዚህ አንድ ለውጥ ጨዋታው አፍ አወጣ። ቀድሞ በዝምታ ሲዘርፉ የነበሩት አሁን ይማጸናሉ፣ ይዛዛታሉ፣ «ባለፈው እኔ ትቼልህ የለም?» ይባባላሉ። እኚያን አባት የጨዋታዬ ተባባሪ ደራሲ አድርጌ ስማቸውን ልጽፍ ብላቸው ሳቁብኝ፤ የፈለጉት ቦሎቄውን ነበር። እውነቱን ለመናገር ቢወስዱት ይሻል ነበር፤ ወቅቱ ሳይለወጥ ሐይቁን በሙሉ ነቀዝ በላው።

ሌላው ሥራዬ የባጃጅ ጨዋታ ነው፤ ከፒያሳ ወደ አቶቴ፣ ከመናኸሪያ ወደ ሐይቅ ዳር ተሳፋሪ የሚያመላልስ። እሱ የሚጫወተው በሁለት ዳይስ ነው። ሁለት ዳይስ በ36 መንገድ ይወድቃል፤ ከእነዚህ ውስጥ 6ቱ ድምራቸው 7 ነው፤ 2 እና 12 ግን በየአንድ መንገድ ብቻ ነው የሚመጡት። እኔ ይህን ሒሳብ ከመጻፌ በፊት እውነተኛ የባጃጅ ሾፌሮች ተጫውተው ሲያበቁ ሁሉም ተሰብስበው 7 ቁጥር ፌርማታ ላይ ቆመው ነበር። አንዳቸውም ሒሳቡን አልሠሩትም፤ ሰው የሚበዛበትን ቦታ ማሽተት ሥራቸው ነው።

ስለ ገንዘብና ስለ መብት ወላጆች መጠየቃችሁ አይቀርምና በአጭሩ ልንካው። ለማሳተም የሚያስወጣው ሣጥኑ ነው፤ ውስጡ ርካሽ ነው። መብቱን በተመለከተ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥዕሉንና የተጻፈውን ሕግ ባለቤትነት ይጠብቅላችኋል፤ የጨዋታውን ሐሳብና ዘዴ ግን አይጠብቅም። ያው አዋጅ ዳንሰኛን ከከዋኞች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል፤ ይህን መድረክ ላይ ሳለሁ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ማጊ፣ ባለ ርስቶች ተከራዩን እንዴት እንደሚያደኸዩ ለማሳየት የሠራችውን ጨዋታ በ1904 እ.ኤ.አ. በፓተንት አስመዝግባ ነበር። ከእሱ የተወለደው ሞኖፖሊ ሌላውን ሰው ባለጸጋ ሲያደርግ ለእሷ በ1935 እ.ኤ.አ. የተከፈላት 500 ዶላር ነው። የግንባሬን ብር ሳስብ እሷ ትዝ ትለኛለች። ስለዚህ ተመራቂዎች፣ ውል ሳትፈርሙ ለማንም አትሥሩ፤ የምታውቁት ሰው ቢሆንም፤ በተለይ የምታውቁት ሰው ከሆነ።

እናቶች፣ ሴት ልጃችሁ ማታ ወጥታ የምትሠራ ከሆነ እንደምትሰጉ አውቃለሁ፤ የእኔም እናት ሰግታለች፤ የምትሰጋበት ምክንያትም ነበራት። እኔ እዚህ የቆምኩት ያን ሥራ ላስውብ አይደለም። ግን እዚያ ያየሁት፣ የቆጠርኩት፣ የገመትኩት ሁሉ የእኔ ዕውቀት ነው። «የቀድሞ ሕይወቷን ትታ» እያላችሁ ስታመሰግኑኝ ትምህርት ቤቴን ነው የምታፈርሱት።

ጠረጴዛዎቹ ተዘጋጅተዋል። በመስኮቱ በኩል ያሉት ምንም ጨዋታ ተጫውተው ለማያውቁ ናቸው፤ እዚያ ወላጆች ይቅደሙ። በየጠረጴዛው አምስት ሰው ይበቃል። ቆርኪ ያልደረሰው ከእኔ ይውሰድ፤ ቦሎቄው አዲስ ነው፤ ነቀዝ የለበትም። ሕጉ በወረቀት ተጽፎ ተቀምጧል፤ ግራ ቢገባችሁ እንኳን እኔን አትጠይቁኝ፤ አልመልስም። ቤታችሁ ስትጫወቱ እኔ አጠገባችሁ አልኖርምና ወረቀቱ የት ላይ እንደሚያደናግር ማወቅ የምችለው ዝም ካልኩ ብቻ ነው። በየጠረጴዛው እየዞርኩ ማን ስልኩን እንደሚያነሳ፣ ማን ተራው ሳይደርስ እጁን እንደሚሰድ አያለሁ፤ ስልክ የሚነሳበትን ዙር ነገ አስተካክለዋለሁ። ተመራቂዎች፣ እናንተ ደግሞ ከኋላዬ ቁሙና እኔ ያላየሁትን ጻፉልኝ። በሉ፣ ወንበራችሁን አቅርቡ።