ለሜዳውም ለጠርዙም አንድ ዓይነት ኮድቡክ አይሆንም

የተከበራችሁ የኔትወርክ ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምናነሳው ስልክ በየጊዜው ወደ ታወር ስለሚልካት አንዲት ትንሽ ቁጥር ነው። መላኪያውና መቀበያው በተለያየ ፍሪኩዌንሲ በሚሠራ ኔትወርክ፣ የታወሩ ሲግናል ስልኩ ጋ ሲደርስ ምን እንደገጠመው ታወሩ በራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚነግረው ስልኩ ነው። ሁሉን ዘርዝሮ እንዳይልክ ደግሞ የመመለሻው መንገድ ይጨናነቃል። ስለዚህ ሁለቱም አስቀድመው አንድ ዓይነት መዝገብ ይይዛሉ። አንቴናዎቹ በምን ፌዝ (የሞገዱ መቅደምና መዘግየት) ቢቀናጁ ጨረሩ ወዴት እንደሚያመራ መዝገቡ ውስጥ በተራ ቁጥር ተቀምጧል። ስልኩ ለክቶ የሚሻለውን ቁጥር ብቻ ይመልሳል። ኮድቡክ የምንለው ይኸው ነው።

በ4ጂ መጀመሪያ ላይ የ4 አንቴና ኮድቡክ 16 ምርጫ ብቻ ነበረው፤ 4 ቢት ይበቃዋል። ባለ 32 ፖርት (የሲግናል መግቢያ) የ5ጂ አንቴና፣ በ4 ረድፍና በ4 አምድ ሲደረደር፣ በእያንዳንዱ ቦታ ለሁለት ፖላራይዜሽን (ሞገዱ ለሚወዛወዝባቸው ሁለት አቅጣጫዎች) ሁለት ፖርት ይይዛል፤ 256 የጨረር አቅጣጫም አለው። ይህን ያህል ማብዛት ለምን አስፈለገ? ሰውየው በሁለት አጎራባች ጨረሮች መሀል የቆመ እንደሆነ የሚያጣው ኃይል አለ። ጨረሮቹ ሳይደራረቡ ከተቀመጡ ጉዳቱ 3.9 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ከኃይሉ ግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው። በሁለት እጥፍ ሲጠጋጉ 0.9፣ በአራት እጥፍ ሲጠጋጉ 0.2 ዴሲቤል ላይ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ማጠጋጋት ቢት ማባከን ነው።

ችግሩ 256ቱ አቅጣጫዎች የአገሩን አቀማመጥ ሳያዩ እኩል መበተናቸው ነው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ እንዲህ እኩል የተዘረጋ አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ 30 ሜትር ታወር ቢቆም፣ 300 ሜትር ላይ ያለው ሰው ከአግድሙ 5.7 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው 0.6 ዲግሪ። ሁሉም በጠባብ ቁመት ውስጥ ናቸው። ደጋው ወደ ቆላ በሚቆረጥበት በጣርማበር ጠርዝ ላይ፣ ቆላው 1,000 ሜትር ዝቅ ብሎ እንደሆነ አድርገን ብናሰላው፣ 6 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው 9.5፣ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው 27 ዲግሪ ወደታች ነው። አምድ ጨረሩን ወደ ጎን፣ ረድፍ ደግሞ ወደላይና ወደታች ለመምራት ይረዳል፤ ስለዚህ 16 ፖርት ካላችሁ ለሜዳው 8 አምድ በ1 ረድፍ አድርጉት፤ ለጠርዙ 4 አምድ በ2 ረድፍ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አንድ ፖርት በቁመት ብዙ ኤለመንት (ትንንሽ አንቴናዎች) የሚነዳ ከሆነ የራሱ ጨረር ጠባብ ነው፤ ኮድቡኩ ብቻውን 27 ዲግሪ አያወርደውም። መጀመሪያ አንቴናው ራሱ በሜካኒካል ቲልት ይጎንበስ።

ቀጥሎ ወደ ሰማይ ወይም ከሸለቆው ማዶ ወዳለው ታወር የሚያመሩትን አቅጣጫዎች ዝጉ። የ5ጂ ደረጃው ይህን ይፈቅዳል፤ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ ቢት ያለው የፈቃድ ዝርዝር ወደ ስልኩ ይላካል። ይህ ጣልቃ ገብነትን ይቀንሳል እንጂ የግብረመልሱን ቢት አያሳጥርም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቢቱን ለመቆጠብ የሚረዳው ታወሩ የመለኪያ ሲግናሉን ራሱን በተመረጡ ጨረሮች መላኩ ነው። የሴክተሩን (ታወሩ በአንድ ወገን የሚሸፍነውን አካባቢ) ሪፖርቶች ለሁለት ሳምንት ሰብስቡ፣ የትኞቹ አቅጣጫዎች እንደሚደጋገሙ ቁጠሩ፣ ስምንቱን ምረጡ። ስልኩ ከስምንቱ አንዱን ለመጠቆም 3 ቢት ይበቃዋል።

እዚህ ላይ የተደበቀ ጉድጓድ አለ። ሪፖርት የሚልከው ኔትወርክ ያገኘ ስልክ ብቻ ነው። ከገደሉ ጥግ ያለችው መንደር ድሮም ካልያዘላት በቆጠራችሁ ውስጥ የለችም፤ በተመረጡት ስምንት ጨረሮችም ትረሳለች። ስለዚህ መሣሪያ ይዛችሁ ቦታው ድረስ ወርዳችሁ ለኩ፤ ከስምንቱም አንዱን ሰፊ ጨረር አድርጋችሁ አስቀሩ።

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው አውቶቡስ ሌላ ጉዳይ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በ1,800 ሜጋኸርዝ ላይ ቻናሉ (ሲግናሉ የሚያልፍበት ሁኔታ) ሳይለወጥ የሚቆየው 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ሪፖርቱ በ40 ሚሊ ሰከንድ አንዴ ከመጣ፣ ጥቃቅኑ የፌዝ መረጃ ሳይደርስ አርጅቷል። አቅጣጫው ግን አላረጀም፤ አውቶቡሱ በዚያ ጊዜ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። እንዲህ ላለው ተጠቃሚ ቢቱን አቅጣጫው ላይ አውሉት፣ ጥቃቅኑን ተዉት። የጣርማበር ጉም፣ ብዙ ጊዜ ቢወቀስም፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከቁጥር አይገባም።

ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ጃምፐር ኬብሎቹን (ሬዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኙትን አጫጭር ገመዶች) አንድ በአንድ ፈትሹ። ኮድቡኩ የፖርቶቹን ቅደም ተከተል አምኖ ነው የሚሠራው። በሁለቱ ፖላራይዜሽኖች መካከል ያለ ቋሚ የፌዝ ልዩነት ብዙም አይጎዳም፤ ኮድቡኩ ራሱ ያስተካክለዋል። በአንድ ፖላራይዜሽን ውስጥ ሁለት አምዶች ከተቀያየሩ ግን ጨረሩ ይሰነጠቃል። በ1,800 ሜጋኸርዝ የ1 ሴንቲ ሜትር የኬብል ልዩነት 25 ዲግሪ ያህል ፌዝ ነው፤ ካሊብሬሽኑ (መሣሪያው ልዩነቱን የሚያርምበት ማስተካከያ) ካልሸፈነው 3 ሴንቲ ሜትር ጨረሩን ለማበላሸት ይበቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ታወሩ ፊት ለፊት በሚታይበት ሜዳ ላይ አንድ ቦታ የቆመ ስልክ በአንድና ሁለት ቁጥር ላይ መርጋት ሲገባው፣ ቁጥሩ ከዚህም ከዚያም ይዘላል። ያን ጊዜ ሶፍትዌሩን ተዉና ታወሩ ላይ ውጡ።

አመሰግናለሁ።