የሞተርሆም በር ሲጮህና ሲወርድ፦ ማጠፊያው ከመነካቱ በፊት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ወጋችን ስለ ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ እንደ ቤት ስለሚኖርበት መኪና፣ በር ማጠፊያ ነው። በሩ ሲጥ ሲጥ ሲል፣ ወይም መዝጊያው ወርዶ ደፉን እየፋቀ አልገጥም ሲል ምን እናድርግ? ሁለቱን አንድ ላይ ላንሳቸው እንጂ በሽታቸው ለየቅል ነው። ጩኸት የመፋተግ ጉዳይ ነው። መውረድ ደግሞ በሩን የተሸከመው ነገር አልቻልኩም ሲል የሚመጣ ነው። የወረደ በር ላይ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሰው ጩኸቱን ለጊዜው ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ብሎኑ ግን ከግድግዳው መውጣቱን አያቆምም።

በእኔ እምነት ሞተርሆም ላይ ማጠፊያ ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው። የቤት በር ግንብ ላይ ታስሯል፤ ግንብ ደግሞ አይነቃነቅም። የሞተርሆም መቃን ግን የተተከለው ሻንሲ ላይ በተቀመጠ ቀላል ሳጥን ውስጥ ነው። ግድግዳው በአብዛኛው ቀጭን አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ግላስ፣ መሃሉ ፎም፣ እዚህም እዚያም የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ካርቶን ሳጥን አንድ ጥጉን ይዛችሁ ብታነሱት አፉ ይጠማዘዛል አይደል? አንድ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መቃኑም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ሊቬላ ካላችሁ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም አስቀምጡ። የማረጋጊያ እግሮቹንም ከመሬት አንሷቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ማረጋጊያ እግር ሰው ውስጥ ሲራመድ መኪናው እንዳይወዛወዝ የሚይዝ እንጂ መኪና የሚያነሳ ክሪክ አይደለም። በሩ አጠገብ ያለውን እግር ከልክ በላይ ሲያጠብቁት ጥጉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ትናንት የሚዘጋው በር ዛሬ አልዘጋ ይላል። እግሮቹ ተነስተው በሩ በሰላም ከተዘጋ ማጠፊያው ጤነኛ ነው፣ አትንኩት።

አሁንም ካልገጠመ መቃኑን በሰያፍ ለኩ። ከላይኛው ግራ ጥግ እስከ ታችኛው ቀኝ፣ ከዚያ ተቃራኒውን። ጥጎቹ ክብ ከሆኑ በሁለቱም ቋሚዎች ላይ ከጉበኑ 15 ሳንቲ ሜትር ወረድ፣ ከደፉም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ምልክት አድርጉና ከምልክት ወደ ምልክት ለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ መቃኑ ልክ ነው። የ1 ወይም የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት አያሳስበኝም። 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከማጠፊያ አልፎ ግድግዳው ወይም ወለሉ ዘንድ ደርሷል፤ ማጠፊያ ላይ የሚደክም ሰው በከንቱ ነው የሚደክመው።

መቃኑ ልክ ነው እንበል። አሁን የምወደው ምርመራ ይመጣል፤ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። በሩን ግማሽ ክፈቱ። እጀታው ባለበት በኩል ከሥር ያዙትና ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱት። ዓይናችሁ ግን እጃችሁ ላይ ሳይሆን የላይኛው ማጠፊያ ላይ ይሁን። የማጠፊያው ክንፍ፣ ማለትም በብሎን የሚታሰረው ጠፍጣፋ ክፍሉ፣ ራሱ ከግድግዳው እየተላቀቀ እየተመለሰ ከሆነ ችግሩ የብሎን ነው። ክንፉ ጸጥ ብሎ ፒኑ፣ ማለትም ማጠፊያው የሚዞርበት ዘንግ፣ ቱቦው ውስጥ ከተንቀጠቀጠ ፒኑ ወይም ፒኑን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ቡሹ፣ ተበልቷል። ሁለቱም ሳይነቃነቁ በሩ ወርዶ ከሆነ ማጠፊያው ተጣሟል ማለት ነው፤ የዚህ ዋና ጥፋተኛ ደግሞ ነፋስ ነው። ክፍት በር ነፋስ ይዞት ከግድግዳው ጋር ሲያላትመው ክንፉ ይጠመዘዛል። ቀልጦ የተፈሰሰ አሉሚኒየም ማጠፊያ ከሆነ በመዶሻ ላቃናው አትበሉ፤ ይሰነጠቃል። ይቀየር። ሲቀየር የቀዳዳዎቹ ርቀት፣ የፒኑ ውፍረትና የሚከፈትበት አቅጣጫ፣ ግራ ይሁን ቀኝ፣ ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት።

በብዛት የሚያጋጥመው ግን የላላ ብሎን ነው። የበሩ ክብደት የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ውጭ ይጎትታል፣ የታችኛውን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ ላይኛው ቀድሞ የሚላላው። በሩን ከሥር በሽብልቅ ደግፉ፤ ሳይደገፍ የሚጠበቅ ብሎን በሩን በወረደበት ቦታ ላይ ነው የሚያስረው። ከዚያ በእጅ ካቻቢቴ አጥብቁ፣ በትራፓኖ አይሁን። ትራፓኖ እንጨቱ መያዙን አቁሞ መፍተል የጀመረበትን ቅጽበት አያሳውቃችሁም።

ብሎኑ ዝም ብሎ ከዞረ ቀዳዳው ሰፍቷል። አውጡትና ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን ካቻቢቴ አስገብታችሁ ጫን በሉ። ደረቅና ጠንካራ ነገር ከነካችሁ መልካም። ጫፉ እንደ ልብ ከገባ፣ ሲወጣም ጥቁር፣ እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ከመጣ እንጨቱ በስብሷል። ውሃ ከመስኮት፣ ከጣሪያ ስፌት ወይም ከራሱ ከመቃኑ ጠርዝ እየገባ ነው። የሚገባበትን ሳታገኙ ማጠፊያ ማሰር ገንዘብና ጉልበት መጣል ነው።

እንጨቱ ደህና ከሆነ ውሃ የሚቋቋም የእንጨት ኮላ የተቀባ ስንጥር ቀዳዳው እስኪሞላ ድረስ ጠቅጥቁ፤ የክብሪት እንጨት ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይሠራል። 24 ሰዓት ይድረቅ። የተረፈውን ቁረጡና ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን ለስላሳ እንጨት ላይ 2.5፣ ጠንካራ ላይ 3 ሚሊ ሜትር መሪ ቀዳዳ ብሱ። ረጅም ብሎን ልጠቀም የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር መጨመር ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ከበሩ ጎን በግድግዳው ውስጥ ሽቦ ወይም የጋዝ ቱቦ እንደማያልፍ አረጋግጡ። የበር መብራትና የደረጃ ማብሪያ ሽቦ ብዙ ጊዜ በዚያው ነው የሚወርደው። ብሎኑ የተያዘው ቀጭን አሉሚኒየም ላይ ከሆነ ስንጥር አይረዳም፤ ቀዳዳው ውስጥ ተጨፍልቆ የሚቀር የሪቬት ዳዶ ያስፈልጋል። በብረት ዳዶ ላይ የሚታሰር ብሎን ሰማያዊውን መካከለኛ የብሎን መቆለፊያ ፈሳሽ አንድ ጠብታ ይፈልጋል። እንጨት ላይ ግን ጥቅም የለውም፣ አንዳንድ ፕላስቲክን ደግሞ ያሰነጥቃል። ወደ ውጭ የሚታይ ማጠፊያ ሲመለስ ከክንፉ ሥር ቡቲል ቴፕ፣ ማለትም ውሃ የማያስገባ ተለጣፊ ማሸጊያ፣ ይደረግበት፤ እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ የውሃ መግቢያ ነው።

ብሎኖቹ ጠብቀውም በሩ ጥቂት ከወረደ ሮንዴላ ወይም ስስ ማስነሻ፣ ማለትም ከክንፉ ጀርባ የሚገባ ስስ ዝርግ፣ ይታሰባል። ይህ የሚሠራው ክንፉ በበሩ ጠርዝና በመቃኑ መካከል ለገባ ማጠፊያ ብቻ ነው። ማስነሻው ከታችኛው ማጠፊያ ክንፍ ጀርባ ይገባል እንጂ ከላይኛው አይደለም፤ ከላይኛው ጀርባ ብታስገቡ በሩን የባሰ ታወርዱታላችሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የማስነሻው ውፍረት ሲባዛ በበሩ ስፋት፣ ሲካፈል በማጠፊያዎቹ ርቀት። በሩ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከማጠፊያ እስከ ማጠፊያ 120 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 1 ሚሊ ሜትር ማስነሻ የእጀታውን በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሳዋል። ማስነሻው ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ይሁን፤ ካርቶን እርጥበት ይጠጣል፣ ይጨፈለቃል። ማጠፊያው ከውጭ ፊት ለፊት የተለጠፈ ዓይነት ከሆነ ግን ማስነሻ በሩን ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። እሱን ብሎኖቹን ትንሽ አላልታችሁ፣ በሩን በሽብልቅ ወደ ቦታው አንስታችሁ መልሳችሁ ታጠብቃላችሁ።

የቁልፉ ምላስ የሚገባበትን ቆርቆሮ የምንነካው ማጠፊያው ካለቀ በኋላ ነው። በግልባጩ የሚጀምር ሰው ቆርቆሮውን ለወረደ በር ያስተካክለዋል፣ በሩ ሲነሳ ደግሞ ምላሱ አይገባም። ምላሱ ላይ ጠመኔ ቀቡና ዝጉት፤ የነካበትን ምልክቱ ያሳያችኋል። ከዚያ ቀጭን ወረቀት በበሩ ዙሪያ ባለው ማሸጊያ ጎማ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ። ዙሪያውን በየቦታው ያዝ ሊያደርግ ይገባል፤ ዝም ብሎ የወጣበት ቦታ አቧራና ውሃ ይገባበታል። ሁለት ደረጃ ያለው ቁልፍ ከሆነ ሁለተኛው መያዙን ሳታረጋግጡ አትንዱ፤ በመጀመሪያው ብቻ የተያዘ በር መንገድ ላይ ሊከፈት ይችላል።

ጩኸቱስ? በመጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ። በሩን በጣም ቀስ ብላችሁ እያንቀሳቀሳችሁ ጣታችሁን በየማጠፊያው ላይ አሳርፉ፤ የሚጮኸው ይርገበገባል። አንዱም ካልተርገበገበ ጎማውን፣ የበር መያዣውንና የትንኝ መከላከያውን በር ጠርጥሩ። ጎማ ከሆነ ሲሊኮን ስፕሬይ በጨርቅ ላይ ነፍታችሁ አብሱት። በቀጥታ አትንፉ፤ ደረጃው ላይ ካረፈ ያንሸራትታል፣ በኋላ ቀለም ወይም ማሸጊያ ሊደረግበት በታሰበ ቦታ ላይም ምንም አያስይዝም። የሞተር ዘይትም ሆነ ግሪስ ከበር ጎማ ይራቅ፤ ብዙው የበር ጎማ በነዳጅ ዘይት ያብጣል።

ማጠፊያው ራሱ ከሆነ ደብሊው ዲ 40 የሚባለው ስፕሬይ ቆሻሻና ዝገት ለማውጣት ጥሩ ነው፤ ብዙው ስለሚተን ግን ለረጅም ጊዜ አያለሰልስም። ከእሱ በኋላ ጠርጋችሁ ደረቅ የቴፍሎን ስፕሬይ ስጡት። ወፍራም ግሪስ ከውጭ መቀባት አቧራ መሰብሰብ ነው፤ አቧራው ከግሪስ ጋር ተቦክቶ ፒኑን ይሞርደዋል። የምግብ ዘይት በጊዜ ብዛት ሙጫ ይሆናል። የእርሳስ ዱቄት፣ ማለትም ግራፋይት፣ ከአሉሚኒየም ጋር እርጥበት ሲያገኘው አሉሚኒየሙን ስለሚበላ ሞተርሆም ላይ አይመከርም።

ፒኑ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ በሩን ደግፋችሁ፣ አንዱን ማጠፊያ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እየሄዳችሁ፣ ከሥር ወደ ላይ በምስማር መትታችሁ አውጡት። በናይሎን መፈግፈጊያ አጽዱ፤ የብረት ሽቦ የሚተወው ብናኝ ይዝጋል። ነጭ ሊቲየም ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና መልሱት። ብዙ የውጭ በሮች ግን ፒናቸው ለሌባ እንዳይመች ጫፉ የተጨፈለቀ ነው፤ እምቢ ካለ አታስገድዱ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሩን በከፈታችሁበት ቦታ ይዞ የሚያቆም ጠንከር ያለ ማጠፊያ ካለ ምንም ዘይት እንዳይነካው። የሚይዘው በፍትጊያ ነው፤ ካለሰለሳችሁት በሩ በነፋስ መወዛወዝ ይጀምራል።

ስለ ውስጥ ቁም ሳጥኖች በአጭሩ። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ጎድጓዳ ማጠፊያ ከሆነ ለበሩ የቀረበው ብሎን ግራና ቀኝ፣ ከኋላ ያለው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያንቀሳቅሳል፤ ከፍታው የሚስተካከለው ማጠፊያው የተቀመጠበትን ሰሌዳ በማላላት ነው። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ። የላይኛው ሳጥን በር ተከፍቶ ካልቆመ ደግሞ የደከመው በሩን ከፍቶ የሚይዘው የጋዝ ፒስቶን ነው፣ ማጠፊያውን ተዉት። ፒስቶኑን ለመክፈት ወይም ለመብሳት እንዳትሞክሩ፤ ውስጡ ከፍተኛ ግፊት አለ።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ በእያንዳንዱ ብሎን ጭንቅላት ላይ ወደ ክንፉ የሚሻገር አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ሳቡ። ከመጀመሪያው የኮረኮንች ጉዞ በኋላ መስመሩን እዩት፤ ከተሰበረ ያ ብሎን ዞሯልና ተመልሳችሁ እሱን ብቻ ፈትሹ። ቸር ሰንብቱ።